ፖርቶመጋላ ላይ የተሰቀለው ክትባት

ላንድክሩዘሯ ለመሥሪያ ቤታችን ስትሰጥ ለከብት ሕክምና ነው ተብሎ ነበር። እኔ እዚያ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ ግን ያቺ መኪና ከብት ወዳለበት ስትሄድ ያየኋት ከስንት አንዴ ነው። ሰርግ ትሄዳለች፣ ለቅሶ ትሄዳለች፣ በገበያ ቀን የኃላፊውን ባለቤት ይዛ ጥሊሊ ትሄዳለች። ድንች ጭና ስትመለስ አይቻታለሁ። በግ ጭና ስትመለስ አይቻታለሁ። እኔና ባልደረቦቼ መድኃኒታችንን በፌስታል አንጠልጥለን ሚኒባስ እንጋፋለን፤ ሚኒባስ በማይደርስበት በእግራችን እንሄዳለን።

ኃላፊውን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን አልለውም።

ክፉ ሰው ብቻ ነበር ብዬ ብናገር ይቀለኝ ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ቤታችን የመጣው ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሰው ሲታመምበት ይጠይቃል፤ ሲያገኝህ ትከሻህን ይዞ ስለ ልጆችህ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ከተማችን ቆሰበር ውስጥ ስለሱ ክፉ ብትናገር የሚሰማህ የማታገኘው። ደግነቱ ግን የሚያውቀው ሰው ጋ ያበቃል። የማያውቀው ሰው ለእሱ ሰው አይደለም፤ ቆላ ያለ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ተዘግቶ የከረመው የጃዊ መንገድ በተከፈተ ሰሞን፣ በጋ ላይ፣ ከቆላው ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ እያለከለኩ ነበር የሚያወሩት።

«የከብት ሐኪሟ ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ አባባ።»

«ከብቱ ያስላል፣ ልጄ። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የፊት እግሮቹን አንፈራጦ ያስላል። ሣር ብትሰጭው አይነካም። ከወንዙ ማዶ ያሉት በሬ መቅበር ጀምረዋል። እኛ ጋ ገና ነው። ግን እየመጣ ነው።»

የሳምባ በሽታ ነበር። ከብቱ ታሞ አጠገቡ ያለው ላይ ያስላል፣ ያኛውም ታሞ ሌላው ላይ ያስላል፤ እንዲህ እያለ መንጋውን ይጨርሳል። አንዴ ከገባ ማውጣት ጭንቅ ነው፤ ሳይገባ ከተከተበ ግን ብዙውን ማዳን ይቻላል። ክትባቱ ደግሞ እኛው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። የጎደለው መኪናዋ ብቻ ነበረች።

ጠየቅሁ። መኪናዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ናፍጣ የለም ተባለ። ሦስተኛ ስጠይቅ ስኮርታ ጎማ የላትም፣ ያለ ስኮርታ ቆላ አይወረድም አሉኝ፤ በማግሥቱ በዚያችው መኪና አንድ ሙሽራ ሲሸኙ አየሁ። ሽማግሌው በየጊዜው ኮረብታቸው ላይ እየወጡ ይደውሉልኛል፤ እኔም «ትንሽ ይታገሡኝ» እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሱ ቢሮዬ መጣ። «ነገ እንወርዳለን፤ እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ፤ አንዳንዴ እታች ወርዶ ማየት ጥሩ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ለሽማግሌው ደውዬ «ከብቱን ሰብስባችሁ ጠብቁኝ» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከጀርባቸው ሌላ ሰው «እሰይ!» ሲል ተሰማኝ።

በማግሥቱ ጭጋጉ ከመሬት ሳይነሣ ከቆሰበር ወጣን። የክትባቱን ሳጥን በበረዶ ጠቅጥቄ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ አስቀምጬ፣ እንደ ልጅ ቀበቶ አስሬለት ነበር። ሾፌራችን ጡረታው የቀረበ፣ ዝምተኛ የአገው ሰው ነው። ከእኔ ጋር በአዊኛ ያወራል፤ ኃላፊው ሲገባ ግን አፉን ይዘጋል።

ዳንግላ ስንደርስ ቀጥ ብለን እናልፋለን ብዬ ነበር። ኃላፊው ግን «እዚህ ጋ እጠፍ» አለና ከገበያው ጀርባ አንድ ሱቅ በር ላይ አስቆመን። ሱቁ ፊት ሁለት ጋሪዎች ቆመው ነበር፤ አንደኛው ላይ ናፍጣ የተሞሉ ጀሪካኖች፣ ሌላው ላይ የማዳበሪያ ጆንያና አዲስ የውሃ ፓምፕ። ጋሪዎቹን ይዞ የሚጠብቀው የሚስቱ ወንድም ነበር። ይህ ሰው ቆላው ውስጥ ከወንዝ ዳር መሬት ይዞ በመስኖ ሽንኩርት እንደሚያለማ ወሬውን ሰምቼ ነበር። ኃላፊው ለምን ቆላ መውረድ እንደናፈቀው የገባኝ ያኔ ነው።

ጭነቱ ከኋላ ገባ፤ የተረፈው ወንበሩ ላይ መጣ። ከዚያም ኃላፊው ወደ ሳጥኔ ጠቆመና «ይቺን ወደ ላይ አውጧት» አለ።

«ወደ ላይ የት?» አልኩ።

«ፖርቶመጋላ ላይ ነዋ።»

«ክትባት እኮ ነው። ፀሐይ ላይ አይሰቀልም።»

«በረዶ አለው አይደል እንዴ ውስጡ?»

«በረዶው ጥላ ውስጥ ከሆነ ነው እስከ ማታ የሚያቆየን። የቆላ ፀሐይ ላይ ከዋለ እዚያ ሳንደርስ ያልቃል። ጀሪካኖቹ ይውጡ፤ ናፍጣ ፀሐይ ቢመታው ምን ይሆናል?»

የሚስቱ ወንድም ሳቀ። «ናፍጣ ከላይ ከተሰቀለ ይፈሳል፣ እህቴ። ይሸታል ደግሞ» አለ።

«እሺ ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ» አልኩና ያዝኩት። ሳጥኑ ጭን ላይ የሚያዝ አልነበረም፤ ከዳንግላ ሳንወጣ አጠገቤ የተሳፈረው የሚስቱ ወንድም ጫፉ ጉልበቴን መታኝ እያለ ማማረር ጀመረ። ኃላፊው መኪናዋን አስቆመ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ለሾፌሩ ብቻ «አውጣና እሰር» አለው። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ወርዶ አሰረ።

ልውረድ፣ ሳጥኔን ይዤ ልመለስ ብዬ ነበር። ግን ከብቱ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው፤ ብመለስ መኪናዋን መቼ እንደማገኛት አላውቅም። አንድ ጆንያ ለምኜ ውሃ ነክሬ ሳጥኑ ላይ አለበስኩት። ማድረግ የቻልኩት ይህን ነበር።

ከዳንግላ በኋላ አገሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ያልቃል፣ ከዚያ አረንጓዴው ሣር፣ ቀጥሎ ብርዱ። ሹራብህን ታወልቃለህ፤ ትንሽ ቆይተህ መስኮት ትከፍታለህ፤ ትንሽ ቆይተህ መስኮቱን ትዘጋለህ፣ ምክንያቱም የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ተራሮቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ድንጋዩ የተቃጠለ ሸክላ መልክ አለው፤ በመካከላቸው የደረቁ ወንዞች ነጭ አሸዋቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። መንገዱ ዋናውን ከለቀቀ በኋላ መንገድ አይባልም። ሾፌሩ አራቱንም ጎማ አስገብቶ፣ በከባድ ማርሽ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እያወረደ ይሄዳል። በደህና ቀን ይህን ጉዞ እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን ዐይኔ ጣሪያው ላይ ነበር፤ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር የሳጥኑ እግር ቆርቆሮውን ሲመታ እሰማለሁ።

አንድ ቦታ ላይ «ጆንያውን ውሃ ላርከፍክፍበት፣ ቁሙልኝ» አልኩ። ቆሙ። ወጥቼ ስነካው ደርቆ እንደ ቁርበት ሆኗል። ውሃ አፈሰስኩበት። ትንሽ እንደሄድን ደግሜ ስጠይቅ ኃላፊው «በየጉብታው ልንቆም ነው እንዴ? ፈሪ ነሽ አንቺ» አለ። አልቆመም።

ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ቀኝ ነበር። እኛ ወደ ግራ ታጠፍን።

«መንደሩ እኮ በዚህ ነው» አልኩ።

«ይህን አራግፈን እንመጣለን» አለ፤ እንደ ቀላል ነገር።

የሽንኩርቱ ማሳ ስንደርስ ሾፌሩ ማንም ሳያዘው ከሁሉ አስቀድሞ ፖርቶመጋላው ላይ ወጣና ሳጥኑን አወረደልኝ። ወደ አንድ ዋንዛ ጥላ ወስጄ ከፈትኩት። በረዶው የለም። ጠርሙሶቹ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ እጄን ስከተው ውሃው ለብ ብሏል፣ ልጅ የሚያጥቡበት ዓይነት። የሙቀት መለኪያውን አየሁ። ማየቴም ለወጉ ነው።

ይህ ክትባት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከሞቀ ይሞታል። ሲሞት ግን መልኩ አይለወጥም፣ አይሸትም፤ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ብታየው ያው ነው። ከብቱን ብትወጋው አይገድለውም፣ አያሳምመውም፣ አይጠቅመውም። ጉዳቱ ባለቤቱ ላይ ነው፤ በሬዬ ተከትቧል ብሎ ከታመመው ጋር ያሰማራዋል፣ ለጎረቤት ያውሰዋል፣ አንድ ገንዳ ያጠጣዋል።

ኃላፊው ፓምፑ ሲተከል ቆሞ ያይ ነበር። ሄጄ «ክትባቱ ሞቷል» አልኩት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እጅዎን ይክተቱና ይዩት።»

አልከተተም። ወደ ሚስቱ ወንድም ዞሮ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰና ዝቅ ባለ ድምፅ «እስቲ መጀመሪያ መንደሩ እንድረስ፣ እዚያ እናየዋለን» አለኝ። ምን እንደሚታይ አልገባኝም ነበር። ለሕዝቡ ነግረን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ሌላ ክትባት ይዘን ልንመለስ መስሎኝ ሳጥኑን ዘግቼ መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት።

የሚስቱን ወንድም እዚያው ተውነው። ጊዜ ለማካካስ ኃላፊው የወንዙን አሸዋ አቋርጠን እንድንሻገር አዘዘ። ሾፌሩ «አሸዋው ከታች ውሃ አለው፣ ይይዘናል» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። «ፎር ዊል ለምን ተሠራ ታዲያ?» አለ ኃላፊው። ገባን። መሃል ላይ የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ሾፌሩ ሲገፋ ኋለኞቹም ተከተሉ፤ መኪናዋ ሆዷ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ቆመች። በክሪክ ልናነሣት ሞከርን፤ ክሪኩም ሰመጠ። ቅጠል ቆርጠን፣ ድንጋይ ለቅመን ከጎማው ሥር አደረግን፤ ሁሉንም አሸዋው ዋጠው። እኔ በእጄ አሸዋ እዝቃለሁ፣ ሾፌሩ በአካፋ ይዝቃል፣ ኃላፊው ዳር ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ኔትወርክ ይፈልጋል።

የሞተሩን ጩኸት ሰምተው ሰዎች ከመንደሩ መጡ። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከስልክ ስለማውቀው ወዲያው ለየኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ቆብ ያደረጉ። አጠገባቸው አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ናት። ሁለቱ አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው። ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው በተራ የእሳቸውን መሬትና የእሷን መሬት ያርሳሉ፤ መቀናጆ ናቸው። ባሏ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበሩ።

ሽማግሌው መኪናዋን ዞረው አዩና «አይዟችሁ፣ በሬዎቹን እናመጣለን» አሉ።

ሁለቱ በሬዎች መጡ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። የመጎተቻው ካቦ ከመኪናዋ ተቋጥሮ ከቀንበሩ ታሰረ። ሌላው ሰው ከኋላ ትከሻውን ሰጠ። ሴትዮዋ ከፊት ሆና በሬዎቹን ትጠራለች፤ አትመታም፣ ትጠራለች ብቻ። በሬዎቹ ተንበረከኩ ማለት ይቻላል፤ ጉልበታቸው አሸዋ እየነካ፣ ዐይናቸው ተጎልጉሎ፣ አንዴ፣ ሁለቴ ጎተቱ። ሽማግሌው ከኋላ ከሚገፉት መሃል ነበሩ።

ያኔ ኃላፊው ከዳር ሆኖ ጮኸ፦ «አንተ! ጠንከር አድርገህ ግፋ እንጂ!»

አንተ። አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ሰማ፤ አንድ ሁለቱ ቀና ብለው አዩት። ሽማግሌው «እሺ ጌታዬ» ብለው ገፉ። እኔ ግን ፊቴ በርበሬ የተቀባ ያህል ነደደ። መኪናዋ በሦስተኛው ወጣች፤ ሕዝቡ እልል አለ። ጥቁሩ በሬ አፉ አረፋ ደፍቆ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሴትዮዋ ግንባሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

መንደሩ ስንደርስ ከብቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ለክትባቱ ብለው ከእንጨት ጠባብ መተላለፊያ ሠርተው፣ አዲስ ልጥ አስረውበታል። ላሙ፣ በሬው፣ ጊደሩ፣ አቧራው። እርጎ በቅል አቀረቡልን። ኃላፊው እርጎውን ጠጣና እጄን ይዞ ከመኪናዋ ጀርባ ወሰደኝ።

«በይ ጀምሪ» አለኝ።

«ምን ልጀምር?»

«መክተብ ነዋ። ለዚህ አይደል የመጣነው?»

«ሞቷል አልኩዎት እኮ።»

«አንቺና እኔ ነን የምናውቀው። ለእነሱ መርፌው ካረፈ በቂ ነው፤ ደስ ብሏቸው ይገባሉ። እኛም ተከተበ ብለን ሪፖርት እናደርጋለን። በሚቀጥለው ደግሞ ደህናውን ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ መስሎኝ። አልነበረም። ለእሱ ይህ ብልህነት ነው፤ ማንም ሳያፍር ቀኑ የሚያልፍበት መንገድ። ከዚህ በላይ ያናደደኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እየመከረኝ ነው። ትከሻዬን ይዞ፣ አባቴ ሲሞት እንደያዘኝ፣ እየመከረኝ ነው።

«እጄን ቢቆርጡት አልወጋም» አልኩት።

«ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።»

«አላደርግም! እነዚያ በሬዎች አሁን ጉልበታቸው እስኪላጥ ጎትተው አወጡን! ውሃ ልወጋቸው ነው?»

ጮኼ ነበር። ከብት ይዘው የቆሙት ሰዎች ዞሩ። ኃላፊው ወዲያው ፈገግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ወጣና «ትንሽ የመርፌ ችግር ነው፣ አሁን ይስተካከላል» ማለት ጀመረ። እኔ አልፌው ሽማግሌው ጋ ሄድኩ።

«አባባ፣ ክትባቱ መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ተበላሽቷል። ብወጋላችሁ አይረባም። ከብታችሁን ከማዶው መንጋ ለዩ፤ ውሃ አታገናኙ። የሚያስል ካያችሁ ለብቻው እሰሩ። ደህናውን ይዤ እመለሳለሁ።»

ሽማግሌው «እንዴት ፀሐይ መታው?» አሉ።

ወደ መኪናዋ አሳየኋቸው። «እዚያ ላይ ታስሮ ነው የመጣው። ውስጡ ናፍጣና ማዳበሪያ ነበር፤ ለወንዝ ዳሩ ሽንኩርት።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ኃላፊው «ውሸት ነው! ይቺ ልጅ ሥራዋን አታውቅም!» አለ። ያኔ ሴትዮዋ ከበሬዋ አጠገብ ሆና ተናገረች። አልጮኸችም።

«ጌታው፣ ውሸት ከሆነ እርስዎ ሳጥኑን ይክፈቱልን» አለች።

አልከፈተም። ጋቢና ገባና በሩን በኃይል ዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሣ ወረደና ሳጥኔንና ቦርሳዬን አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረልኝ፤ በአዊኛ «ከዚህ ሰው ጋር ከምትመለሺ እዚህ ብታድሪ ይሻልሻል» አለኝ። የኃላፊው ድምፅ ከውስጥ «ንዳ!» አለ። ነዱ። ሰው መሆኔን ረስተው፣ ከከተማ እዚህ ድረስ ያመጧትን ሴት አቧራ ውስጥ ትተው ሄዱ።

ሴትዮዋ ቤት አደርኩ። ጓዳ ያለውን አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ማንም አልወቀሰኝም። ከብቱን አዲሱን መተላለፊያ ሳያልፍ ወደየቤቱ ሲነዱት ቆሜ ማየቴን ግን መቼም አልረሳውም። በጠዋቱ ሰሊጥ የጫነ መኪና ተገኝቶ ዳንግላ ድረስ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሲያናድደኝ ይኖራል። ሥራ ስገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ ትእዛዝ አልቀበልም ብላ ሕዝብ አሳድማለች ይላል። በላይ ያሉት ጋ ሄድኩ፤ «ይጣራል» አሉ። ባልደረቦቼ በየጓዳው «ጎበዝ» ይሉኛል፤ ስብሰባ ላይ ሲጠየቁ ግን ወለሉን ያያሉ። ሾፌሩ ብቻ ያየውን ተናገረ። እሱን ከመኪናዋ አነሡትና በር ጥበቃ አደረጉት።

መኪና መጠየቅ ተውኩ። ከክትባት መጋዘኑ ሌላ ክትባት እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ እንደመጣ ሳጥኔን በበረዶ ሞልቼ በሕዝብ ሚኒባስ ወጣሁ። ከቆሰበር ዳንግላ፣ ከዳንግላ በአውቶብስ ወደ ጃዊ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ተሳፋሪዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ፤ አንዲት እናት ጃንጥላዋን ዘርግታ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ ከለለችልኝ። ከአውቶብሱ መውረጃ እስከ መንደሩ አንድ ባለሞተር ወሰደኝ። ስደርስ በረዶው ገና ድንጋይ ነበር።

በሽታው ግን ቀድሞኝ ነበር። ሽማግሌው መንገድ ላይ ተቀበሉኝ። ስለ ከተማው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ራሳቸው ሳልጠይቃቸው አልተናገሩም። ጥቁሩ በሬ የእሳቸው ነበር። ሞቷል። ወንዙ ውስጥ የተንቀጠቀጠው ያ በሬ፤ ያኔውኑ ታሞ እንደነበረና እንዳልነበረ አላውቅም። ታሞ ከነበረ የትኛውም ክትባት አያድነውም ነበር። መጀመሪያ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ቢቀር ሙሽራ ስትሸኝ በነበረችበት ሳምንት፣ መኪናዋ ብትሰጠኝ ኖሮ ግን ክትባቱ ያድነው ነበር። ይህን ደግሞ በደንብ አውቃለሁ።

የቀረውን ከብት ከተብን። የሴትዮዋን ቀይ በሬ ሽማግሌው ራሳቸው ቀንዱን ይዘው አቀረቡልኝ፤ የራሳቸው እንደሆነ ሁሉ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ አንገቱን ያሻሹታል። ስጨርስ መንደሩ ተሰብስቦ መረቀኝ። «ልጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ አይዛል» አሉ። የማር እንጀራ በሳህን ሰጡኝ። ሰው ሲመሰገን ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ ግን ምርቃታቸውን ራሴን ዝቅ አድርጌ ስቀበል ጥርሴን ነክሼ ነበር። የሚገባቸውን ነገር፣ ያውም ዘግይቶ፣ ያውም በሬያቸውን ካስበላ በኋላ ስላመጣሁላቸው ያመሰግኑኛል! ቢሰድቡኝ፣ ድንጋይ ቢያነሡ፣ «የት ነበራችሁ?» ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አላለም። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር የሚለምደው ስንት ጊዜ ሲደረግበት እንደሆነ እያሰብኩ ወደ ባለሞተሩ ሄድኩ።

ኃላፊው ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ። የእኔ ጉዳይ ሳይጣራ ቀረ። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ለቅሶ ላይ ተገናኘን። እጁን ዘርግቶ «እንዴት ነሽ፣ እልኸኛዋ!» አለኝ፤ ዙሪያው የተቀመጡት ሳቁ። እጄን አልሰጠሁትም። የተዘረጋው እጁ ለአፍታ አየር ላይ ቆየ፤ ሳቁም ቆመ። አንዲት አክስቴ «ምነው ልጄ፣ በለቅሶ ቤት?» ብላ ቆነጠጠችኝ። አሁንም ባገኘው አልሰጠውም።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ቆላው ደወልኩ። የሴትዮዋ በሬ ደህና ነው፤ ከሌላ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ መሬቷን አርሳለች፤ ለሽማግሌውም ጥቂት አርሳላቸዋለች። የቀረውን በዶማ እየቆፈሩ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው።

«ምን ይደረግ ልጄ፣ የሆነውን አላህ ያውቃል» አሉኝ።

«እኔም አውቃለሁ አባባ» አልኳቸው። «እሱም ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን።»

ኮረብታው ላይ የሚነፍሰው ንፋስ በስልኩ ውስጥ ሲሰማኝ ቆየ። ከዚያ ዝናቡ መምጣቱን፣ መውረድ እንዳለባቸው ነገሩኝና እናትሽን ሰላም በይልኝ ብለው ዘጉት።